በሊቀመንበሩ ክንድ ልክ

ፍላጻ መግዛት ለተራ ሰው ቀላል ነገር ነው። ሱቅ ገብቶ "አሥራ ሁለት ስጠኝ" ይላል፣ ተሸክሞ ይወጣል። ደግነቱ የእኛ የቀስት ክለብ በተራ ሰው አይመራም።

ክለባችን አርባ አባላት፣ ሰባት የኮሚቴ ሰዎችና ዒላማ የምትመታ አንዲት ልጅ አሉት። ልጅቷ ቀጥ ያለች ረጅም ናትና "መቃ" እንላታለን። ትልቁ ውድድር ስድስት ሳምንት ሲቀረው ፍላጻዎቿ ጎበጡባት። አንደኛ ከወጣች ብሔራዊ ቡድን ትገባለች፤ ካመለጣት ደግሞ ዕድሜዋ ያልፋል፣ ሌላ ዓመት የላትም።

ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት ያዘው። አዲስ የሚገዛው ፍላጻ ካርቦን ይሁን ወይስ አሉሚኒየም? በዚህ ብቻ አራት ሳምንት ተሰበሰበ።

ገንዘብ ያዡ ለአሉሚኒየም ተከራከረ። "ቢጎብጥም ይቃናል" አለ።

ጸሐፊው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። "እኛ እንሰበራለን እንጂ አንጎብጥም! ካርቦን!"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ገንዘብ ያዡ ራሱ አጨበጨበ። አንጎብጥም ያለው እንግዲህ ሊቀመንበሩ ባስነጠሱ ቁጥር ግንባሩ መሬት የሚነካ ሰው ነው።

እኔ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስብሰባውን በሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ለዕቃ ቤት ሠራተኛ ወንበር በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ የለም። የዚያን ቀን ግን አላስችል አለኝና እጄን አወጣሁ።

"ለመሆኑ የሚቆረጠው በማን ክንድ ልክ ነው? ፍላጻ እኮ እንደ ሱሪ ነው፤ በባለቤቱ ልክ ካልተቆረጠ አይሆንም።"

ጸሐፊው ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምከው?"

"ስምንተኛ።"

"በል ቁጭ በል።"

የምቀመጥበት ስለሌለኝ ቆሜ ቀረሁ።

በማዘዣው ቅጽ ላይ "የክንድ ልክ" የምትል ባዶ ቦታ ነበረች። ጸሐፊው ሜትሩን ይዞ በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ። ሊቀመንበራችን በረጅምነት የሚታሙ ሰው አይደሉም። ግን ከእሳቸው ክንድ የሚበልጥ ክንድ በክለቡ አለ ብሎ የሚጽፍ እጅ ከየት ይምጣ?

ካርቦኖቹ ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ደረሱ። ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ሊነኳቸው የሚያሳሱ። መቃ በኮሚቴው ፊት አንዱን ደግና ስትስበው ጫፉ ከቀስቱ ወደ ኋላ አልፎ ገባ።

"ጋሼ፣ ብለቀው እጄን ነው እኮ የሚበሳው!" አለችኝ።

ሊቀመንበሩ አባታዊ ምክር ሰጡ። "ልጄ፣ ትንሽ ሰብሰብ ብለሽ ሳቢ።"

"ክንዴን የት ላድርገው ታዲያ?"

"አያችሁልኝ ትዕቢት!" አለ ጸሐፊው።

አሮጌዎቹን አሉሚኒየሞች ላቃናላት ብዬ ጠየቅሁ። የኮሚቴውን አንድነት ያናጋል ተብሎ ተከለከለ። የተቆረጠ ፍላጻ ደግሞ ሱቁ መልሶ አይወስድም። ስለዚህ ፍላጻው ልኩ የሆነ ሰው ክለቡን እንዲወክል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሊቀመንበሩ "ሸክሙ ከባድ ነው፣ ግን እሸከመዋለሁ" አሉ። እንባውን የጠረገም ነበር።

እነሱ ሲበተኑ ዕቃ ቤቱን ከውስጥ ዘጋሁ። ጎባጦቹን መስታወት ላይ እያንከባለልኩ፣ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ አቃናኋቸውና ለመቃ ሰጠኋት። በግሏ ተመዘገበች። አንደኛ ወጣች።

የክለባችንም ሪፖርት መጣ፦ "ሊቀመንበሩ የተኮሷቸው ፍላጻዎች በሙሉ ያለ አንዳች መጉበጥ ተመልሰዋል።" ስለ ዒላማው ትንፍሽ አይልም።

ሰኞ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው፣ የተከለከለውን አሉሚኒየም ለልጅቷ ማን ሰጣት የሚል ነው። አጣሪ ኮሚቴ ሲቋቋም ዕቃ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ተባለና እኔ ተመረጥኩ። ወንበርም መጣልኝ፤ መደገፊያ ያለው፣ ለስላሳ። አሥራ አንድ ዓመት! ስቀመጥበት ጉልበቴ ራሱ አመሰገነኝ።

"እስኪጣራ ልጅቷ ትታገድ" አለ ጸሐፊው። "ለብሔራዊ ቡድኑ የሚያስፈልጋት የክለቡ ደብዳቤም አይጻፍላት። የሚቃወም አለ?"

ዞር ብዬ ወደ በሩ አየሁ። እዚያ ቆሞ እጁን የሚያወጣ ሰው አልነበረም።