ያዘዝነውን የማያትሙት ጋሽ ገሠሠ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጆሯቸውን ነው። ጋሽ ገሠሠ አንዲት ነጭ ወረቀት በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ ጆሯቸው ያስጠጓትና ያርገበግቧታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጧታል። ከዚያ «ይቺ ዝናብ ጠጥታለች፤ ዛሬ አትታተምም» ብለው መልሰው ያስተኟታል። የቦንጋ ጉም ከጫካው ተነስቶ በደጃቸው ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ ወረቀቷ እውነትም የሆነ ነገር የነገረቻቸው መሰለኝ።

በየከተማው ያዘዝከውን የማይሰጥህ አንድ ሰው አይጠፋም። ሱሪዬ ይጥበብልኝ ስትለው «አያምርብህም» ብሎ የሚያሰፋው ልብስ ሰፊ አለ። «ጎን ጎኑን ብቻ» እያልከው መሐል አናትህ ድረስ የሚገባ ፀጉር አስተካካይ አለ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ክቡር ጋሽ ገሠሠ የእነዚህ ሁሉ ሊቀ መንበር ናቸው። የጥሪ ካርድ ሊያሳትም የመጣን ሙሽራ «ከጓደኞችህ በፊት አማትህን ጻፍ» ብለው መልሰውታል። ባነር ያዘዘን የቢሮ ኃላፊ «ይህን ሁሉ ቃል ነፋስ ላይ ማን ያነበዋል?» ብለው ሦስት መስመር ቆርጠውበታል። እኔም ከዩኒቨርሲቲ እንደተመለስኩ የግጥም ጥራዜን ታቅፌ ሄጄ ነበር። ሁለት ገጽ አንብበው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ጨረቃ በዝቷል። ትንሽ ቀንስና ተመለስ።»

«መቼ ልመለስ?»

«ወረቀት አይቸኩልም።»

ወረቀት ባይቸኩልም ከተማው ቸኩሏል። የሠርግ ጥሪ በቴሌግራም ሆነ፤ የቢሮው ቅጽ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ትልቁ ማተሚያ ማሽን ብርድ ልብስ ለብሶ ጥግ ላይ ተኝቷል። ልጃቸው ሔርሜላ በትንሿ ፕሪንተር ቤቱን ስታቆመው ቆይታ በመጨረሻ አንድ ደህና ሥራ አገኘች፤ የማንኪራ ቀበሌ ንብ አርቢዎች ማኅበር ቅዳሜ ወደ ባዛር ለሚወስደው ማር ሦስት መቶ ስቲከር።

«አባዬ፣ ስልክ ማር ላይ አይለጠፍም። የቀረልን ሥራ ይሄ ነው» አለቻቸው። «ካመለጠን ቤቱን እንዘጋለን።»

ዲዛይኑን ከኢንተርኔት አውርዳ ጨርሳለች፤ ትልቅ የሱፍ አበባ፣ ሥሩ ወርቅ የመሰለ ማር የሚንጠባጠብ። ጋሽ ገሠሠ ረጅም ሰዓት አዩት።

«ይሄ የየት አገር ማር ነው?»

«የማንኪራ ነዋ!»

«የማንኪራ ማር ነጭ ነው። ሱፉንስ እዚያ ጫካ ውስጥ ማን ዘራው? ይህን ውሸት አላትምም።»

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»

«ወረቀት አይቸኩልም» ብለው ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን አልመጡም። ሔርሜላ ስትደውል ስልካቸው መሳቢያ ውስጥ ጮኸ። ጨነቃትና የማኅበሩ ሰብሳቢ ሣህሌ ጋ ደወለች።

«አባትሽ እዚህ ማንኪራ ናቸው» አላት። «በየሰው ጫካ እየዞሩ ዛፍ ያናግራሉ።»

«ዛፍ ያናግራሉ ማለት?»

«እኔም አልገባኝም። ብቻ ሰዉ ሁሉ ሥራ ትቶ ይከተላቸዋል።»

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ እኔም ወሬ ልሰማ ማተሚያ ቤቱ ተቀምጬ ሳለ፣ ጋሽ ገሠሠ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ከች አሉ። ንቦቹ ነጩን ማር የሚቀስሙበትን፣ ቡቶ የሚባለውን ዛፍ አንድ ሰፊ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተዋል። ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብለው ስካነሩ ላይ ዘረጉት። ብርሃኑ ከሥሩ ሲያልፍ የቅጠሉ ጅማቶች አንድ በአንድ ፈኩ፤ ሦስታችንም ስካነሩ ላይ አጎነበስን።

ከዚያ ደብተራቸውን ገለጡ። በማንኪራ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ከአያት የወረሰው የጫካ ድርሻ አለው፤ እያንዳንዱ ድርሻም የራሱ ስም። የማኅበሩን ሠላሳ ቤተሰቦች የጫካ ስም ጽፈው መጥተዋል።

«ማሩ የተቆረጠበት ጫካ በስሙ ይጠራ» አሉ።

«ሠላሳ ዓይነት ስቲከር? ለነገ?» ሔርሜላ እንባዋ መጣ።

ጋሽ ገሠሠ ብርድ ልብስ ወደለበሰው ማሽን ጠቆሙ። «በእሱ ቢሆን አንድ ስም ለመቀየር ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር። ያቺ ያንቺ ትንሿስ?»

ሔርሜላ ፕሪንተሯን አየቻት። «አንድ ደቂቃ» አለች፣ እንደ መደንገጥ ብላ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው በጉም ተሸፍኖ ነበር። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ይነፋል፤ የሚሳፈር ግን የለም። ንብ አርቢዎቹ ሁሉ ስቲከር የተለጠፈባቸውን የማር ጠርሙሶች ከካርቶን እያወጡ የየራሳቸውን ጫካ ስም ይፈልጋሉ። ሣህሌ የራሱን ጠርሙስ አገኘና በእጅጌው ጠረገው።

«ይህን ስም አባቴ ሲጠራው እሰማ ነበር» አለ። «ተጽፎ አይቼው ግን አላውቅም።» ከዚያ ወደ ሔርሜላ ዞረ። «የዓመቱን ማር ሁሉ እናንተ ታትሙልናላችሁ። የቡናችንንም ነገር መጥተን እንነጋገራለን።»

ሔርሜላ አባቷን ልታቅፍ ስትዞር ክቡርነታቸው አፍረው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር። «ደካ የሚባለው መንደር ጥሩ ኮረሪማ አለ አሉ፤ ሄጄ ልየው» ብለው ጃንጥላቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

እርሳቸውን እያነሳሁ ከጓደኞቼ ጋር ስስቅ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ያን ጠዋት ግን አንድ ነገር ታወቀኝ፤ እኝህ ሰው አንድ ቀን እሺ ብለው ያዘዝኩትን ቢያትሙልኝ የምከፋው እኔ ነኝ።

«ጋሽዬ፣ የደካ መኪና በዚህ በኩል ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሳይዞሩ እጃቸውን አነሱልኝና በዚያው፣ በሌላው በኩል፣ ወደ ጉሙ ገቡ።