የነጋድራስ ጁሃር እግር

መኪና የገባበት ከተማ ሁሉ አንድ የመኪና ባላጋራ አያጣም። ሌላው ሰው ጎማ ሲነካካና ጥሩምባ ሲሰማ አፉን ከፍቶ ሲውል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ በቅሎውን ይደባብሳል። የመካነ ኢየሱሱ ባላጋራ ማንም ያልሾማቸው ነጋድራስ፣ ጁሃር ነበሩ።

ዕድሜ ልካቸውን ከወገዳ ደብረ ታቦር በበቅሎ ነግደዋል። ካሚዮን መጥቶ ጓደኞቻቸው በቅሎ እየሸጡ መሳፈር ሲጀምሩ፣ ገበያ መሀል ቆመው ማሉ። «ወላሂ! ይህ እግሬ መኪና አይረግጥም! ጃንሆይ ቢጠሩኝ እንኳ በበቅሎ ነው የምደርስ!»

በከንቱ የጠሉ እንዳይመስላችሁ። ሾፌሩ አስናቀ የሚከፈለው በጫነው ልክ ነውና፣ መኪናው ካልሞላ ንቅንቅ አይልም። ማልዶ የተሳፈረ ሰው ጆንያ ላይ እንደተቀመጠ ፀሐይ አናቱ ላይ ትደርሳለች። ነጋድራስ ይህን ጊዜ ጠብቀው በቅሎ እየሳቡ ያልፋሉ።

«እናንት ፈጣኖች፣ ደብረ ታቦር ደረሳችሁ?» ይላሉ። ከዚያ ወደ አስናቀ ዞረው፣ «በቅሎዬ አንድ ቁና ገብስ ብጭናትም ትሄዳለች። ካልሞላ የማይነሳ አሽከር ማን ይቀጥራል?»

ሚስታቸው ፋጤ፣ «ኧረ ሰውዬ፣ ደንበኛዎ ሁሉ እኮ ሄደ!» ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው። «የሚሮጥ ይሩጥ!»

አንድ የሚያዝያ ጠዋት የጎረቤታቸው የደምሌ ሚስት የሺ ምጥ ጠናባት። አዋላጇ፣ «ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ሐኪም ያለው ደብረ ታቦር ነው» አለች። ደምሌ በቅሎ ሊለምን ወደ ነጋድራስ ሮጠ። ነጋድራስ ኮርቻ ተሸክመው መጡ፤ የሺን ሲያዩዋት ግን ኮርቻውን መሬት አስቀመጡት።

«በቅሎ ላይ መቀመጥ አትችልም» አሉ። ይህን ማለት እንደ ኮሶ መረራቸው።

በቃሬዛ ወደ ገበያ ወሰዷት። መኪናው ግማሹ ባዶ ነበር። አስናቀ አንገቱን አከከ። «እኔስ አዝናለሁ፤ በግማሽ ጭነት ብሄድ ግን የመኪናው ባለቤት ያባርረኛል። ልጆቼን ምን ላብላ?»

«ይሞላልሃላ!» ብለው ጮኹ ነጋድራስ። «ፋጤ! ጎተራውን ክፈች!»

ክረምት መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ በደህና ዋጋ ሊሸጡት ያኖሩት ሽንብራ ነበር። ያ ሁሉ ሽንብራ በበቅሎዎቻቸው ጀርባ እየመጣ መኪናው ላይ ወጣ። ደምሌ ደግሞ ደብረ ታቦርን ረግጦ አያውቅም፤ የሐኪሙን ደጅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና አብረው መሄድ ነበረባቸው። ገበያው ሁሉ እግራቸውን አየ።

«ምን ታፈጣላችሁ? ጫኑኛ!»

ጫኞቹ የሺን ካሳፈሩ በኋላ እሳቸውን እንደ ጆንያ ብድግ አድርገው ሽንብራው ላይ አስቀመጧቸው። እግራቸውን አጣጥፈው፣ አስናቀን እየሰደቡ ሄዱ።

የሺ በሰላም ተገላገለች። ነጋድራስ ሽንብራውን በማይረባ ዋጋ ጥለው፣ በቅሎ ተከራይተው ተመለሱ። የገበያው ቀልደኛ ሁሉ ይጠብቃቸው ነበር።

«ነጋድራስ፣ መኪና እንዴት ነበር?»

«የምን መኪና? የተቀመጥኩት ሽንብራዬ ላይ ነው! እግሬ መኪና ሲረግጥ ያየ ካለ ይምጣ!»

ያየስ ነበር። ደብረ ታቦር ሲደርሱ፣ የሺን ለማውረድ በሁለት እግራቸው መኪናው ላይ ቆመው ትከሻዋን የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ ደምሌም በእግሯ በኩል ይዞ ነበር። በመኪናው ቀድሟቸው የተመለሰው ደምሌ አሁን ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ፊት ወጣ፤ እጁንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘረጋ።

«ኢየሱስን! አልረገጡም!»

የነፍስ አባቱ ለዚህች መሐላ ስንት ስግደት እንዳዘዙበት አይታወቅም። ደምሌ ግን እየሳቀ ሰገደ።