ወዳጆ ዘመንዝ በቀይ ስር የተማረኩበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ መጋቢት፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ከጓሯቸው ያለው ባለ ቆርቆሮ ሽንት ቤት በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ በሩን ነፋስ ገንጥሎ በወሰደ በመጀመሪያው ዓመት፣ የጥቁር በርኖስ ጌታ፣ የበጎች አባት፣ ጥርሳቸው ቆሎ የማይፈራ፣ ሆዳቸው ግን የሚፈራ ወዳጆ ዘመንዝ ሞቱ። አልሞቱም። ሞትኩ ብለው ግን አወጁ፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

ጾሙ ከገባ ወዲህ ወዳጆ ቆሎ ሲቆረጥሙ፣ ደረቅ ቂጣ ሲገምጡ፣ ውሃን እንደ ጠላት ሲሸሹ ከርመው ነበርና፣ ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤቱ ዘንድ ደጅ ይጠኑ ጀመር። የድሮ ሰው ሹመት ፈልጎ የጌታ ደጅ ይጠና ነበር፤ እሳቸው የገዛ ሆዳቸውን ደጅ ጠኑ። በርኖሳቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው፣ ውሻውን ከፊት፣ ዶሮዎቹን ከኋላ፣ አንዲት አንካሳ ጠቦት ከጎን አስከትለው ይገባሉ፤ ፀሐይ ጉሙን ገፍታ ስትወጣ እሳቸውም ይወጣሉ። ምርኳቸው ግን የበግ በጠጥ ነበረች። ደረቅ፣ ድብልብል፣ ለዚያ ሁሉ ሠራዊት የማትገባ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትህትና ይህን ሰምታ ከአጥሩ ማዶ አዋጅ ነገረች፦ «ያልሰማህ ስማ! ሰገራህ በጠጥ ከመሰለ ሆድህ ውሃ ጠምቶታል! ጠጣ! ጎመን ብላ! ተልባ ጠጣ! ሲመጣብህም አትያዘው!» ወዳጆም ከውስጥ ሆነው በአዋጅ መለሱ፦ «ሆዴን የትናንት ልጅ አታዘውም!» እውነታቸውን ነው። ሆዳቸው ለማንም አልታዘዘም፣ ለእሳቸውም።

ሌላም ጦርነት ነበረባቸው፤ ከጎረቤታቸው ከምንይሉ ጋር፣ በድንበር ድንጋይ። ምንይሉ ዓመት በመጣ ቁጥር «ድንጋዩ ወደ እኔ መሬት ሄዷል!» ብለው ያውጃሉ፤ ወዳጆ «ድንጋይ እግር የለውም!» ብለው ያውጃሉ። ሽማግሌ ተቀመጠበት፣ ሽማግሌ ተነሣበት፣ በመጨረሻ ሽማግሌውም ሰለቸው። በመሃል ያለችው ቁራጭ መሬት ግን ከሁሉ የበለጠ ገብስ ታበቅላለች፤ ገብሱም ወደ ወዳጆ ጎተራ ይገባል።

እንዲህ እያለ፣ የአገሩ የጋራ የሆነው የጓሳ ሣር መቼ ይታጨድ የሚል ስብሰባ ቀየት ከተማ ላይ ተጠራ፣ ሰዉም ተሰብስቦ፣ ተናግሮ፣ ሳይስማማ፣ ርቦት ምግብ ቤት ገባ። የጾም በያይነቱ በትልቅ ትሪ ቀረበ። ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ጎመን አለ፤ በየሰው ፊት ደግሞ እንደ ንጉሥ ካባ የቀላ ቀይ ስር። ገበሬው «ይሄማ ቀለም ነው» ብሎ ወደ ዳር ገፋው። ወዳጆ ቀመሱት። ጣፈጣቸው።

ትሪው የጋራ ነው፤ የሰው ፊት ግን የሰው ነው። ይህን ሕግ ሕፃን ያውቀዋል። ወዳጆ ግን የፊታቸውን ጨርሰው፣ የግራውን ማርከው፣ የቀኙን አስገብረው፣ እጃቸውን በትሪው ላይ አሻግረው፣ ከማዶ የተቀመጡትን የምንይሉን ቀይ ስር ጠቅልለው ጎረሱ። ምንይሉ አዩ። ውሃ ጠጡ።

በማግስቱ ወዳጆ እንደ ልማዳቸው ደጅ ሊጠኑ ወጡ። ያ ሁሉ አትክልት የገባበት ሆድ ግን አላስጠናቸውም፣ ሳይለመን ከፈተ። ደስ አላቸው። በሩ ስለሌለ ብርሃን ሞልቶ ነበርና፣ ድላቸውን ሊያዩ ወደ ታች ተመለከቱ።

ቀይ!

በሩ ስለሌለ ጩኸቱም ሳይታገድ ወጣ፦ «ያገሬ ሰው ስማ! አንጀቴ ተበጥሶ ደሜ ፈሰሰ! ሞትኩ! ቄስ ጥሩልኝ!» ባለቤታቸው ጥሩሸዋ ከማጀት አዋጅ መለሱ፦ «ብትሞትም መጀመሪያ ሱሪህን ታጠቅ! ሰው እየመጣ ነው!»

ሰውም መጣ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረየሱስ መስቀላቸውን ጨብጠው፣ የእድሩ ዳኛ ድንኳን ላስመጣ ወይስ ትንሽ እንጠብቅ እያለ፣ አማቾች ፊታቸውን አጨፍግገው፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ውሻው፣ ዶሮዎቹ፣ አንካሳዋም ጠቦት፣ ከሁሉ በኋላ ምንይሉ። ሁሉንም አልዘረዝርም፣ ወጥ ጥጃለሁ።

ወዳጆ መደብ ላይ ተዘርግተው፣ በርኖሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ጣራ ጣራ እያዩ የመጨረሻ አዋጃቸውን ነገሩ፦ «ስሙኝ! ድንጋይ እግር የለውም ብዬ ነበር። አለው። እግሩ እኔ ነኝ። ለምንይሉ ይመለስለት!» ሰዉም እያለቀሰ ወጥቶ፣ ድንጋዩን ነቅሎ፣ ምንይሉ ሁልጊዜ በሚያሳዩት ቦታ ተከለው። ቄስ ገብረየሱስ እዚያው ቆመው፣ ድምፃቸው መደቡ ድረስ እስኪሰማ ገዘቱ፦ «ይህን ድንጋይ የነቀለ፣ የገፋ፣ ያስገፋ፣ ውጉዝ ይሁን!» ሰዉ አሜን አለ። ወዳጆም ከተኙበት አሜን አሉ። ጉድ የሠራቸው ይሄ አሜን ነው።

ሰዉ ወደ ቤት እንደተመለሰ ትህትና እየሮጠች ገባች፣ ትንፋሽዋንም ሳትሰበስብ አወጀች፦ «ቀይ ሁሉ ደም አይደለም! እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅ ካያችሁ፣ ቀይ አይታችሁም ምክንያቱን ካጣችሁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ! መጀመሪያ ግን ትናንት ምን በላሁ በሉ!» ወዳጆ የትሪው ነገር አሳፍሯቸው «ጾመኛ ምን ይበላል!» ብለው አወጁ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ መለሱ።

ያን ጊዜ ምንይሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በሕይወታቸው አጭሩን አዋጅ ነገሩ፦

«ቀይ ስር በልቷል። የራሱን። የኔንም።»

ትህትና ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። አልታፈነም። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን እንዳያመጡ ላከ። ወዳጆ ከሞት ተነሡ፤ ተነሥተውም መጀመሪያ ያዩት በሩን፣ በበሩም አሻግረው ድንጋዩን ነበር። ግዝቱ ግን ቆሟል። ምንይሉ ለምን ቀድመው እንዳልተናገሩ ሲጠየቁ «ማን ጠየቀኝ!» ብለው አወጁ፤ በዓመቱም ገብሱን አጨዱ።

እንግዲህ ለወዳጆ ዘመንዝ ምስጋና ይገባል። ሳይቆስሉ የደሙ፣ ሳይሞቱ የተናዘዙ፣ የጎረሱትን ቀይ ስር በመሬት የከፈሉ፣ ዛሬ ውሃ የሚጠጡ፣ ተልባ የሚያስወቅጡ፣ ደጅ ሳይጠኑ ገብተው የሚወጡ፣ በማንኛውም ትሪ ከፊታቸው ብቻ የሚበሉ፣ ከኋላቸው በወጣውም ላይ ሳይመረምሩ የማይፈርዱ!