ጋሽ ደቂቃ እና የዘገየው መብራት

ጋሽ ደቂቃ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የለመነው ከአዲስ ዓመታችን በዓላት በኋላ በሦስተኛው ሰንበት ነበር። አይ፣ በአራተኛው ሳይሆን አይቀርም። ሦስት ሆነ አራት ምን ለውጥ አለው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ እኔ በዚህች በአንድ ሳምንት ልዩነት ሃያ ዓመት ሙሉ ስብሰለሰል ኖሬያለሁ።

የትኛውም ምኩራብ ብትሄዱ ጸሎት የሚመራ አለ፣ የሚሰብክ አለ፣ ከኋላ ተቀምጦ የሚያንኮራፋ አለ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የማይመራ፣ የማይሰብክ፣ ያለ እሱ ማንም የማንንም ፊት የማያይበት አንድ ሰው አለ። የእኛው ክቡር ጋሽ ደቂቃ ነበር። ሥራው ሬዲዮ ጥገና፣ ማዕረጉ የመብራት ሹም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰንበት ማብሪያ ማጥፊያ አንነካም። ስለዚህ ከምኩራባችን በር ጀርባ በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሣጥን አለ፤ በውስጡም መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ክብ ሰዓት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ይሞላዋል። የሞላው ሰው ከተሳሳተ፣ ቅዳሜ ማታ ኮከብ እስኪወጣ ድረስ ሁላችንም ከነስህተቱ እንኖራለን።

ጋሽ ደቂቃ ግን አይሳሳትም። ዓርብ ዓርብ ሰማያዊ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ይመጣል፤ የእጅ ሰዓቱን ከሬዲዮ ጋር ያመሳክራል፤ ሣጥኑን ይከፍትና እንደ ሐኪም ጆሮውን ይለጥፍበታል። ቁልፉን ሚስቱን እንኳ አያስነካትም ይባል ነበር። ውጭው ገና ብርሃን ሆኖ መብራቱ በራ ብሎ ለሚያጉረመርም ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «እኔ ልክ ነኝ። ፀሐይዋ ዘግይታ ይሆናል።» ቀድሞ ከጨለመ ደግሞ፣ «ፀሐይዋ ቸኩላ ይሆናል።»

አንድ ዓርብ ረቢያችን ስብከታቸው ሦስት ነጥቦች ስላሉት አሥር ደቂቃ እንዲጨምርላቸው ጠየቁት። እንደማይሆን በትሕትና ነገራቸው። ሁለተኛውን ነጥብ ጨርሰው «ሦስተኛውና ዋናው» እንዳሉ መብራቱ ድርግም አለ። በዳበሳ ወጣን፤ ጥርስ ሐኪሙ የሰው ባርኔጣ አድርጎ ቤቱ ገባ። ሦስተኛውን ነጥብ እስከ ዛሬ አናውቀውም።

የዚያን ዓመት አባቴ ሞተ። በእኛ ዘንድ ልጅ ለወላጁ አሥራ አንድ ወር ካዲሽ ይላል። ሐዘንተኛው ቆሞ ጮክ ብሎ የሚያደርሰው፣ ሌላው «አሜን» እያለ የሚመልስለት ጸሎት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጣሁ፣ ሰው ፊት መናገር የማይከብደኝ ወጣት ነበርኩ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከአምፖሉ ሥር ስቆም ግን፣ ያ ሁሉ የአባቴ ወዳጅ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፄ ይዘጋል። አሜናቸው አፋቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ረቢው ይጨርሱልኛል። በየሳምንቱ እንዲሁ።

በዓላቱ ባለፉ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ የአባቴን ሬዲዮ ላሠራ ጋሽ ደቂቃ ሱቅ ገባሁና ነገሩ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። ከእንግዲህ እንደማልመጣ፣ አባቴን እያሳፈርኩት እንደሆነ ነገርኩት። ሽቦ እየበየደ ስለነበር ቀና አላለም።

«ጸሎቱ ነው የሚከብድህ ወይስ ሰው?»

«ዓይናቸው።»

«የፊታችን ሰንበት ብቻ ና፣ ልጄ። ሬዲዮው እሑድ ይደርሳል።»

በዚያ ሰንበት አመሻሽ መብራቱ የሚበራበት ሰዓት ሳይበራ አለፈ። ክፍሉ ደበዘዘ፤ መጽሐፉ አልታይ አለ፤ ሁሉም በቃሉ ያነበንብ ጀመር። የካዲሹ ተራ ሲደርስ ፊት ለፊቴ የሚታየኝ ጥቁር ጥቁር ትከሻ ብቻ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልኩት። እያለቀስኩ፣ ግን አልኩት። አሜናቸው ከየጥጉ መጣልኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ቦግ አለ።

ፀሐይዋን እስኪከስ እየጠበቅን ሁላችንም ወደ ጋሽ ደቂቃ ዞርን። «አርጅቻለሁ» አለ አቀርቅሮ።

በሚቀጥለውም ሰንበት ዘገየ። ከዚያ በኋላም። ፌዘኞቻችን ማዕረጉን አሻሽለው «ጋሽ ሩብ ሰዓት» አሉት። እኔም ከሰው ጋር አብሬ «ምስኪን» አልኩ። የተማርኩ ሰው ነኝ።

በመጨረሻ የምኩራቡ ሊቀመንበር፣ ነገር የማታለባብስ ፋርማሲስት፣ ሰንበት እንደወጣ በሰው ፊት እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለኸናል። አሁን ቁልፉን ስጠኝ፤ ሰው በጨለማ ወድቆ ሳይሰበር።»

«ሁለት ሰንበት ጨምሪልኝ።»

«ለምን?»

«እባክሽ።»

ይህችን ቃል ከአፉ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ክብሩን መልቀቅ አቅቶት ነው ተባለ፤ ታዘነለትና ተፈቀደለት። ከሁለት ሰንበት በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በዚያው ሰሞን የእኔም አሥራ አንድ ወር ሞላና ካዲሹን ጨረስኩ። ሁለቱን ነገር ማን አገናኝቶ ያያል?

ወራት አለፉ። አንድ ረፋድ የራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ ፋርማሲዋ ጎራ አልኩ።

«ያ ሰዓት ግን ይገርመኛል» አለችኝ ክኒኑን እየጠቀለለች። «ከተረከብኩት ወዲህ ሴኮንድ አልዛነፈም። እሱ እንዴት ተሳሳተ? ይኸው ዛሬ ሴት ልጁ ከእሷ ጋር እንዲኖር ልትወስደው መጥታለች፤ ሳልጠይቀው ሊሄድ ነው።»

እዚያው ባንኮኒው ፊት በጣቶቼ ቆጠርኩ። የለመነው በአራተኛው ሰንበት ከሆነ፣ የተጨመሩለት ሁለት ሰንበቶች ያለቁት የእኔ የመጨረሻ ካዲሽ ዕለት ነው። በሦስተኛው ከሆነ ግን አንድ ሰንበት ይጎድላል፤ አንድ ሽማግሌ አርጅቶ ነበር፣ በቃ። መድኃኒቱን ትቼ ሮጥኩ።

መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል። ከኋላ ወንበር ሬዲዮዎች ተከምረዋል፤ እሱ ከፊት ተቀምጧል። በመስኮቱ አየኝና የእጅ ሰዓቱን ተመለከተ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት እያለከለክሁ።

«ዘገየህ፣ ልጄ።» ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «ወይም ፀሐይዋ ቸኩላ ይሆናል።»

ልጁ ማርሽ አስገባች። መኪናው ጥጉን ሲታጠፍ እኔ ገና ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር።