ብጉሬና ኒቃቤ

ሰው ፊት እንዳለው የሚያውቀው ሌላው ሲያፈጥበት ነው መሰለኝ። ወሎ እያለሁ ፊቴ ትዝ ብሎኝም አያውቅ። ጂዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ ቤት ሠራተኛ ሆኜ በገባሁ በሦስተኛው ወር ግን ብጉር ወረረኝ። ወረረኝ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ግንባሬ ሞላ፣ ጉንጬ ሞላ፣ ቦታ ያጣው አገጬ ላይ ተደራረበ።

ማዳም ይጋባል ብላ ብርጭቆዬን ለየችው። ሕፃን ልጇንም እንዳልስም ከለከለችኝ። ፈርታ ነው፣ አልፈርድባትም፤ ግን ያንን ልጅ አቅፌ የማስተኛው እኔ ነበርኩ። ምን ላድርግ? ውጭ ስወጣ ፊቴን በኒቃብ መሸፈን ጀመርኩ። "ማሻአላህ፣ ዲኗን እንዴት ያዘች!" የሚሉኝ ነበሩ። ጉዱን የምናውቀው እኔና አላህ ነን።

እናቴን ግን በኒቃብ አላወራት ነገር! የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ብዬ በድምፅ ብቻ መደወል ጀመርኩ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ደወለች። እማ እህል መቅመስ ትታለች፤ ፊቷን አቃጥለዋት ነው የምትደብቀኝ እያለች ታለቅሳለች አለችኝ። ለካ እኔ ብጉር ስደብቅ፣ እሷ ጠባሳ ስታይ ኖራለች።

በዚያው ሰሞን እነማዳም ለዑምራ፣ ካዕባን ለመዞር፣ መካ ሲሄዱ እኔንም ወሰዱኝ። በኢህራም፣ ሥርዓቱ ላይ እያሉ ማለት ነው፣ ለሴት ኒቃብ አይፈቀድም። ማዳም ገና መኪና ውስጥ "ያላ፣ አውልቁ" አለች፤ እኔንና የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን ሪምን። ሪምም ብጉር ወጥቶባት፣ ከእኔ ነው የተጋባባት ተብሎ፣ ከክፍሏ አልወጣም ብላ ነበር የከረመችው። እንባዋ ግጥም አለ።

"ሰው ሁሉ ያየኛል" አለችኝ።

"እኔን ሲያዩ አንቺን ይረሱሻል" አልኳት። ሳቀች።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ካዕባን ዞርን። ያ ሁሉ ሕዝብ! አንድም ያየን የለም። ሁሉም የራሱን ጭንቅ ይዞ ያለቅሳል፤ የማን ብጉር ይታየዋል? ሪም እኔ ከጠጣሁበት ብርጭቆ የተባረከውን የዘምዘም ውኃ ጠጣች። ማዳም አየች። አየችና የራሷን ልትቀዳ ዞረች።

ባዳው ካላፈጠጠብኝ፣ የወለደችኝን ምን እፈራለሁ? እዚያው መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር፣ ሆቴላችን እንደገባን ለእናቴ በካሜራ ደወልኩ። ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችኝ፣ አየችኝ።

"አልሐምዱሊላህ! ብጉር ነው እንዴ?" አለች። ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት። እኔም ተቀላቀለብኝ። እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ግን፣ "አንቺ! ይሄማ ባል የማጣት ነው። አንድ ልጅ አስቤልሻለሁ" አለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኔ ገለጥኩት፤ መድኃኒቱም ተገኘ። ደሴ ላይ ሱቅ አለው።