ሰባት ወራሾች በአንድ ተዳፋት

"ሰው በዛ" የሚል ሰው ራሱን ጨምሮ ሲቆጥር አይቼ አላውቅም። እናንተስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በቀደም ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ስሄድ አንድ ሰውዬ መንገድ ላይ ሚኒባሱን አስቆመ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣብበን ተቀምጠናል። ሰውዬው "ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ ወገኖቼ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ብሎ አምስተኛ ሆኖ ገባ። ጠጋ አልን። ሐሙሲት ስንደርስ አንዲት ሴት ዶሮ አቅፋ ልትሳፈር ብትል፣ ያ ባለ መድኃኒት "ሰውን እንደ ከሰል በማዳበሪያ ትጠቀጥቁታላችሁ እንዴ?" ብሎ ተቆጣ። አልፈረድኩበትም። የሕዝብ ብዛት ማለት ለሁላችንም ከእኛ በኋላ የመጣው ሰው ነው።

ይህን የማነሣው ወድጄ አይደለም። እንጀራዬ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ "የሕዝብ ቁጥር ዕድገት ለአንድ አገር ነዋሪዎች ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?" የሚል ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። መልሱን ለዓመታት አውቀው ነበር። ይጎዳል። ሰው ይወልዳል፣ መሬት አይወልድም፣ አለቀ። "ይጠቅማል" ብሎ የሚከራከር ተማሪ አይጠፋም፤ እሱን በቀይ እስክሪብቶ እመክረው ነበር።

ችግሩ የመጣው ይህን ምዕራፍ ከክፍል አውጥቼ ወንድሜ ቤት ይዤው የሄድኩ ጊዜ ነው።

ወንድሜ አያ ደምሌ ይባላሉ። በጋፋት በኩል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡኛል፣ እንደ አባትም ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ አንቱ ነው የምላቸው። ልጆቻቸው ሰባት፣ መሬታቸው ደግሞ አንድ ተዳፋት። አንድ ቀን ጠላ እየጠጣን "አያ፣ ሁለት ሦስት ልጅ ቢበቃዎ ምን ነበረበት?" አልኳቸው። አልተቆጡም። ዋንጫቸውን አስቀመጡና "አባታችን እንደዚያ ብለው ቢሆን ኖሮ ይህን ምክር ማን ይመክረኝ ነበር? አንተ ሰባተኛ ነህ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጠላዬን አንሥቼ ጠጣሁ።

እሳቸውን እንቅልፍ የሚነሣቸው የልጆቹ ብዛት አልነበረም። ድንበር ነው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም፤ በእኛ አገር ደግሞ ከቶ የለም። በልጅነታቸው አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ለአንድ ትልም ስፋት ተጣልተው አንዱ መቃብር፣ አንዱ እስር ቤት ገብተዋል። "እኔ ዓይኔን ስከድን የእኔዎቹም ይተላለቃሉ" ይሉ ነበር አያ ደምሌ። ስለዚህ በቁማቸው ሊያካፍሏቸው ቆረጡ። አካፋዩ ማን ይሁን? የተማረው ነዋ።

እኔም ወረቀት፣ ማስመሪያና ረጅም ገመድ ይዤ ከተፍ አልኩ።

ተዳፋቱ ላዩ ድንጋይ ነው፤ ታቹ ወንዙ ዳር ያለው ደግሞ ጥቁር ለም አፈር። ላዩን የሚፈልግ የለም፤ ታቹን የማይፈልግ የለም። ታዲያ ፍትሕ እንዲሆን ከላይ እስከ ታች፣ ቁልቁል፣ ሰባት ቦታ ተረተርኩት። ለሁሉም ትንሽ ድንጋይ፣ ለሁሉም ትንሽ ጥቁር አፈር። ዕጣው በደንቡ ወጣ። ሰባቱም የየራሳቸውን ምልክት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ባርኔጣ ውስጥ ጨመሩ፤ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ጠርተን አስወጣነው። ሁሉም አመሰገኑኝ። አያ ደምሌ ብቻ ተዳፋቱን ትክ ብለው አይተው "በሬዎቹንስ ጠይቀሃቸዋል?" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ቀልድ አልነበረም። ተዳፋት የሚታረሰው አግድም ነው። ቁልቁል ካረሱት ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ርብ ወንዝ፣ ከርብም ጣና ይጨምረዋል። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እንዲያውም አስተምረዋለሁ፣ ፈተናም አወጣበታለሁ። ግን ምን ይደረግ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዚያን ቀን ሞኙም ወረቀቱም በቦታው ነበሩ።

የመጀመሪያው የእርሻ ቀን የበኩሩ ልጅ ጥላሁን በሬዎቹን ጠምዶ ድርሻው ውስጥ አግድም ገባ። ጥቂት እርምጃ እንደሄደ ድርሻው አለቀ። በሬ ደግሞ እንደ ብስክሌት እዚያው በዚያው አይዞርም። ሊዞሩ ሲሉ የታናሹን የጌታነህን ድርሻ ረግጠው ገቡ። ጌታነህ ድንበሩን ሊያይ እዚያው ቆሟል።

"በሬህን መልስ" አለው።

"የት ልመልሰው? ሰማይ ላይ?" አለ ጥላሁን።

ጌታነህ ዱላውን አነሣ። ጥላሁን እርፉን ለቆ ጅራፉን እንደያዘ መጣ። እኅታቸው የሺ እየሮጠች ደርሳ ነጠላዋን መሐላቸው ጣለች። አያ ደምሌና እኔ ከደጃቸው ሆነን እያየን ነበር። እኔ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ደም ቢፈስ ኖሮ በእኔ ማስመሪያ ነበር የሚፈሰው።

ደግነቱ ጎረቤት ደርሶ ገላገላቸው። ከሰዓት በኋላ ሰባቱም ተሰበሰቡ፤ አያ ደምሌም "ለየብቻ የማይታረስ ከሆነ በአንድ ይታረስ" ብለው ድንበሬን ሁሉ አስፈረሱት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እሰየው። ግን እህሉስ እንዴት ይከፈል? ያላገባው የመጨረሻው ልጅ አዲሱ "እኩል ነዋ" አለ። የአምስት ልጆች አባት የሆነው ጥላሁን "አንተ ለአንድ ሆድ፣ እኔ ለሰባት ሆድ እኩል?" አለ። ዱላዎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ዓይኖች ወደ ዱላዎቹ መሄድ ጀመሩ።

እኔ ጥፋቴን ለመካስ ቸኩያለሁ። "በነፍስ ወከፍ ይሁን" አልኩ። የምዕራፌ ቃል ናት። ስንት አፍ አለህ? ያን ያህል ቁና ውሰድ። ታሰበ፣ ተወደደ። አዲሱም ከብዙ ማቅማማት በኋላ እሺ አለ። የአፎቹን ስም ዝርዝር በገዛ እጄ ጻፍኩ፤ የሚፈርመው ፈረመ፣ የማይፈርመው አውራ ጣቱን አተመ። አያ ደምሌ ግንባሬን ሳሙኝ። ደብረ ታቦር የገባሁት እየተንጠባረርኩ ነው።

የሕዝብ ቁጥር አስተማሪ አይደለሁም? የሚቀጥለውን ማወቅ ነበረብኝ።

"ሚስት ይቅርብኝ" ይል የነበረው አዲሱ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አገባ። የሺ ጤና ኬላ እየሄደች በየሦስት ወሩ የምትወጋውን መርፌ ተወች። የጌታነህ ሚስት መንታ ወለደች፤ ጌታነህም ከእግዜር ቀጥሎ እኔን አመሰገነ አሉ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ገበያ ላይ አግኝታኝ "መምህር፣ እዚያ ቤት ምን ብለው ነው ያስተማሩት? ያለፉት ዓመታት ልፋቴን ገደል ሰደዱት" አለችኝ። ምን ልበላት? ልጅ በዕድሉ ያድጋል ሲባል እንሰማለን፤ እኔ ዕድሉን በፊርማ አጸደቅሁለት።

የአዲሱ ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሲነሣ ተጠራሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። ጥላሁንና ጌታነህ ከአንድ ትሪ እየበሉ ይጎራረሳሉ። ደስ አለኝ፣ ግን አላስቻለኝም። አያ ደምሌን ወደ ጥግ ወስጄ እውነቱን ነገርኳቸው። መሬቱ ያው ነው፣ አፉ ግን በዝቷል፤ በዚህ አያያዝ ቁናው ወደ ጣሳ ይወርዳል አልኳቸው።

"ወርዷል እኮ" አሉኝ ረጋ ብለው። "የዘንድሮው አልበቃንም። እህል ሲያንስ ቁጭ ብለው ይመክራሉ። የሺ መርፌዋን መልሳ ጀምራለች፣ ጥላሁን ወደ አንበሳሜ ወርዶ እህል ሊነግድ ነው። በድንበር የሞተ ልጅ ግን ምን ይመክራል?"

አያ ደምሌ የፈሩት ነገር አልደረሰም። ከዚህ በላይ ጥቅም፣ ከዚያ ጣሳ በላይ ጉዳት ከየት አመጣለሁ? እሳቸው ሕፃኑን አምጥተው ክንዴ ላይ አስተኙት፤ ያዛጋል። በዚህ ልጅ ፊት ላይ "ይጎዳል" ብሎ በቀይ የሚጽፍ ካለ ይምጣ። እኔ አልቻልኩም።

ከሣጥን የስም ዝርዝሩ ወጣ፣ እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ልጁን በግራ ክንዴ እንዳቀፍኩ "ሠላሳ አራተኛ" ብዬ ስሙን ከመጨረሻው መስመር ላይ አሰፈርኩት። ወረቀቱን ላጥፈው ስል ጥላሁን አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ" አለኝ አፍሮ፣ "ጀርባውን ለምን አይጀምሩትም? ባለቤቴ ወሯ ገብቷል።"