በሕግ አምላክ የተያዘው ካሚዮን

እናንተዬ፣ ጠላት አገር ሲይዝ ነገር አዋቂ ዝም የሚል ይመስላችኋል? የእኛን አያ ካሴን አላያችሁም! ጣሊያን ደጀን ላይ ኬላ ካቆመ ወዲህ በየገበያው ሕግ ሲተነትኑ ይውላሉ። «የድሃ አህያ ትፈተሻለች፣ ትቀረጣለች፤ የነጩ ኩባንያ ካሚዮን ግን የኬላው ሹም ሸሪኩ ስለሆነ እንዲሁ ያልፋል። ይህ በእኛም በእነሱም ሕግ ሌብነት ነው!» እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን አህያችንን እናስፈትሻለን። ምን እናድርግ?

አንድ ቅዳሜ ግን አያ ካሴ ኬላው ላይ እርጥብ ቆዳ የጫነ የኩባንያው ካሚዮን ፊት ተገትረው «በሕግ አምላክ!» አሉ። በአገራችን በዚህ ቃል የተያዘ ሰው፣ ያዡ ካልለቀቀው ንቅንቅ አይልም። ሾፌሩም የአገር ልጅ ነውና ሞተሩን አጠፋ።

ሹሙ እየሮጠ መጣ። «እዚህ ሕጉ እኔ ነኝ!» አለ በአስተርጓሚው።

«እንግዲያው ካሚዮኑ ቆሞልዎታል፤ ይፈትሹታ!» አሉ አያ ካሴ።

አሰራቸው። ሾፌሩን «ንዳ!» ቢለው «ከሳሼን አስረው ወዴት እነዳለሁ?» ብሎ እጁን ለገመዱ ዘረጋ። ሌላ ሾፌር ደግሞ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የቆዳው ግማት ሹሙን አፍንጫውን ሲያስይዘው ሁለቱንም ፈታ። አያ ካሴ በቀጥታ ሄደው ካሚዮኑ ፊት ቆሙ።

«እርስዎ ፈቱኝ እንጂ፣ እኔ መች ለቀቅሁት?»